የምናነደው ማዳበሪያ
የባዮጋዝ ትርፍና ኪሳራ በላስታ ደጋ



ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነበር። በላሊበላ ከተማ ዳርቻ የሚኖሩ አንድ የልጆች አባት የልጃቸውን ደብተር በእጃቸው ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ጥቂት ቁጥሮች ነበሩ። «መምህር፣ የባዮጋዝ ጉድጓድ ላስቆፍር አስቤያለሁ። አራት ከብት አለኝ። ብድርም ይገኛል ብለውኛል። ልግባበት ወይስ ልተወው?» አሉን።

ልጃቸውን እናውቃታለን። በሳምንት ሁለት ቀን አርፍዳ የምትገባ፣ ስትገባም የልብሷ ጭስ ቀድሟት ክፍሉ ውስጥ የሚደርስ ተማሪ ናት። ለምን እንደምታረፍድ ጠይቀናት እናውቃለን። ኩበት ለቀማ ናት።

በዚያች ሌሊት ለእንግዳችን የሚሆን መልስ አልነበረንም። አማካሪ የሆነ ሰው አማና ተሸክሟል፤ ሳያውቅ ሰውን ወደ ዕዳ መምራት ትልቅ ጥፋት ነው። ስለሆነም «ጥቂት ቀን ይስጡን፣ እኛም እንቁጠር» ብለን ሸኘናቸው። ከዚህ በታች የምታነቡት ያን ጊዜ የቆጠርነውን ነው። ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ ሳይሆን የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ነውና።

እያነደድን የምንገዛው ነገር

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከበላይዋ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። የተከዜ ወንዝም የሚነሳው ከዚሁ ከላስታ ተራሮች ነው። ደጋው ለብዙ ዘመናት የታረሰና የተመነጠረ በመሆኑ ከባሕር ዛፉ በቀር ለማገዶ የሚሆን ዛፍ እንደልብ አይገኝም። በዚህ የተነሳ የላስታ እናት ማገዶዋ እበት ነው። እበቱን ትጠፈጥፋለች፣ በፀሐይ ታደርቃለች፣ ኩበቱን ትከምራለች፣ በመጨረሻም እንጀራ ትጋግርበታለች።

ለመሆኑ ኩበቱ ሲነድ አብሮ የሚነደው ምንድን ነው? እስኪ አብረን እናስላ። ሌሊት በበረት የሚያድሩ አራት የሀገር ከብቶች በቀን 35 ኪሎ ገደማ እርጥብ እበት ይሰጣሉ። ከእርጥብ እበት ውስጥ ከመቶ 0.3 እጁ ናይትሮጅን ነው ብለን ብንይዝ፣ በቀን ከ100 ግራም ጥቂት በለጥ ያለ፣ በዓመት ደግሞ ወደ 38 ኪሎ ናይትሮጅን ይሆናል። ከገበያ የምንገዛው ዩሪያ ናይትሮጅኑ 46 በመቶ ነው። ስለዚህ አራቱ ከብቶች በዓመት በእበታቸው ውስጥ ከ80 ኪሎ በላይ ዩሪያ የሚተካከል ናይትሮጅን ይዘው ያድራሉ ማለት ነው። እበቱ ኩበት ሆኖ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይጠፋል። በአመዱ የሚቀረው ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከደጅ ይደፋል እንጂ ወደ ማሳ አይደርስም።

እንግዲህ የቤታችን ነገር ይህን ይመስላል። ጠዋት ማዳበሪያውን በምድጃ እናነዳለን፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ገንዘብ ይዘን ማዳበሪያ ፍለጋ እንሰለፋለን። ብክነት በዲናችን ምን ያህል የተወገዘ እንደሆነ ከሱረቱል ኢስራእ ሁላችንም ተምረናል። ነገር ግን ብክነት ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው የሠርግ ድግስ ነው። ከምድጃችን ሥር ያለውን ብክነት የቆጠረው ጥቂት ሰው ነው።

ጉድጓዱ እንደ ላም ሆድ ነው

የባዮጋዝ ጉድጓድ አሠራሩ ከባድ አይደለም። ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ፣ አየር የማያስገባ፣ ጣሪያው እንደ ጉልላት የሆነ ጉድጓድ ነው። በአንድ በኩል እበትና ውሃ እኩል ለእኩል ተበጥብጦ ይገባል። በውስጡ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ያብላሉታል። ከላይ የሚጠራቀመው ጋዝ በቧንቧ ወደ ምድጃ ይሄዳል፤ በሌላው በኩል የተብላላው ዝቃጭ ይወጣል። ከጋዙ ከግማሽ በላይ የሆነው ሚቴን የተባለው የሚነድ አየር ነው።

የደጋ ገበሬ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጉድጓዱ እንደ ላም ሆድ ነው። ላም በየቀኑ መብላትና መጠጣት ትፈልጋለች፤ ጉድጓዱም እንዲሁ ነው። ላም በድንገት ብዙ እህል ብትበላ ሆዷ ይነፋል፤ ጉድጓዱም ያልለመደው ነገር ሲበዛበት ይኮመጥጥና ጋዝ መስጠቱን ያቆማል። ላም ብርድ ይጎዳታል፤ ጉድጓዱን ይበልጥ ይጎዳዋል። ተሕዋስያኑ ሙቀት ይወዳሉ። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ሥራቸው በጣም ይቀንሳል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ሊቆም ምንም አይቀረውም። በመሆኑም በላሊበላ ዙሪያና ከዚያ ዝቅ ባለው አገር ጉድጓዱ ቀስ ብሎም ቢሆን ይሠራል። በአቡነ ዮሴፍ ወገብ ላይ ለሚኖር ሰው ግን ይህን አንመክርም።

ሒሳቡ ሲዘረጋ

ብር ዛሬና ነገ አንድ አይደለም። የሲሚንቶም የማዳበሪያም ዋጋ ይለዋወጣል። ስለዚህ ሒሳቡን በኪሎና በሰዓት አቅርበነዋል፤ ብሩን እያንዳንዱ ቤተሰብ በገበያው ዋጋ ይተካ።

በመጀመሪያ ጋዙን እንይ። አንድ ኪሎ እርጥብ እበት ሙቀቱ ሲመቸው ከ35 እስከ 40 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። 35 ኪሎው ከ1,200 እስከ 1,400 ሊትር ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። ለብርዱ ብለን ቀንሰን 1,000 ሊትር፣ ማለትም አንድ ሜትር ኩብ፣ ብንይዝ ይሻላል። የቤት ምድጃ በሰዓት ወደ 400 ሊትር ይፈጃል። ስለዚህ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል እሳት ይገኛል። ይህም ለወጥ፣ ለሻይና ለቡና ይበቃል። አንድ ሜትር ኩብ ባዮጋዝ በሦስት ጉልቻ ከሚነድ ወደ 5 ኪሎ እንጨት ጋር ይተካከላል፤ በዓመት ወደ 1,800 ኪሎ እንጨት ይሆናል።

ሁለተኛው ዝቃጩ ነው። ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ናይትሮጅኑ አልጠፋበትም፤ እንዲያውም ከፊሉ ሰብሉ ቶሎ ሊጠቀምበት በሚችል መልክ ይገኛል። ዝቃጩ በፀሐይ ተሰጥቶ ከደረቀ ግን ብዙው ይተናል። ስለዚህ ጥላ ባለው ጉድጓድ ከጭድና ከቅጠል ጋር ቀላቅሎ ማበስበስ ወይም እርጥቡን ወደ ማሳ ማድረስ ይገባል። ከላይ ካሰላነው 80 ኪሎ ውስጥ ግማሹ እንኳ ወደ ሰብሉ ቢደርስ 40 ኪሎ ዩሪያ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ብዙ ሰው የባዮጋዝን ትርፍ በምድጃው ላይ ይፈልገዋል። እኛ እንደቆጠርነው ግን ትልቁ ትርፍ ከማሳው ላይ ነው። ዝቃጩን የሚደፋ ሰው ወተቱን ደፍቶ አጓቱን እንደሚጠጣ ሰው ይቆጠራል።

ሦስተኛው ወጪው ነው። ከግንባታው ሌላ በየቀኑ የሚከፈል ወጪ አለ። እሱም ውሃ ነው። 35 ኪሎ እበት 35 ሊትር ውሃ፣ ማለትም ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ይፈልጋል። ቦኖው ከደጅ ከሆነ ቀላል ነው። ምንጩ የአንድ ሰዓት መንገድ ከሆነ ግን ኩበት ከመልቀም ያረፈችው ልጅ ውሃ ቀጂ ትሆናለች፤ የትምህርት ሰዓቷ አልተመለሰላትም። የበረቱ ወለል በድንጋይ ተነጥፎ የከብቶቹ ሽንት የሚጠራቀም ከሆነ ግን የውሃውን ከፊል ይተካል፤ ናይትሮጅንም ይጨምራል።

አራተኛው ጤና ነው። ይህን በብር መተመን ያስቸግራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ለሞት የተዳረጉት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ ነው። ጭሱን ከማንም በላይ የሚተነፍሱት እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው።

በሀገራችን የታየው

ባዮጋዝ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ በነበሩት አሥርት ዓመታት በልዩ ልዩ ቦታዎች 1,000 ያህል ጉድጓዶች ተሠርተው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ አገልግሎት የማይሰጡ ሆነው ተገኝተዋል። ምክንያቱ የውሃ እጥረት፣ የከብት ቁጥር መቀነስ፣ የጥገናና የክትትል ጉድለት ነበር።

ከዚህ በኋላ መንግሥት ከኔዘርላንዱ ኤስ.ኤን.ቪ ጋር በመተባበር በ2009 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ጀመረ። ሥራው በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ተካሄደ። የተመረጠው ንድፍ ከኔፓል የተወሰደና ለሀገራችን የተስተካከለ ሲሆን ስሙም «ስንዱ» ተባለ። መጠኑ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ሜትር ኩብ ነው። ኔፓልም እንደኛ ተራራማ አገር ናት፤ ፕሮግራሟን የጀመረችው በ1992 እ.ኤ.አ. ነበር። በመጀመሪያው ዙር እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ 14,000 ጉድጓዶች ለመሥራት ታቅዶ የተሠሩት ከ8,000 ጥቂት የበለጡ ናቸው። ሥራው ከዚያም ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ቀጥሏል።

ለቤተሰቦች የተቀመጠው መመዘኛ ልብ ሊባል ይገባል። ቢያንስ አራት ከብትና ከግማሽ ሰዓት መንገድ የማይርቅ ውሃ ያስፈልጋል። እኛም በአንድ ወቅት በክልላችን ወደሚገኝ አንድ የገጠር ቤት ስንሄድ ጉልላቱ ላይ ጭድ የተከመረበት ጉድጓድ አይተናል። የጋዙ መክፈቻ ተበላሽቶ ጋዙ ያመልጥ ጀመር፤ ጠጋኝ አልተገኘም፤ በጋው ሲመጣ ውሃም አጠረ። በመጨረሻ ቤተሰቡ ተወው። ያፈሰሱት ገንዘብ ግን በሬ ሸጠው ያገኙት ነበር። ትንሽ የጎማ ቀለበት ለማግኘት አለመቻል አንድ በሬ በላ።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። እሱም እንጀራ ነው። በሀገራችን ቤት ውስጥ ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ የሚበልጠውን የሚወስደው ምጣድ ነው። የባዮጋዝ ምድጃ ለድስት የተመቸ እንጂ ሰፊውን ምጣድ እኩል ለማጋል ብዙ ጋዝ ይጠይቃል። የባዮጋዝ ምጣድ ለመሥራት ሙከራዎች ተደርገዋል። ሆኖም ባለ አራት ከብት ቤተሰብ በጋዙ ወጡን ሠርቶ፣ እንጀራውን ማገዶ በሚቆጥበው «ምርጥ» ምጣድ ቢጋግር ሒሳቡ ይስማማዋል። ኩበት ጨርሶ ይቀራል ብሎ የነገራችሁ ሰው ቢኖር አጋኗል።

ከማጀትና ከድግስ የሚተርፈው

እበት ብቻ አይደለም ለጉድጓዱ የሚሆነው። የምግብ ትርፍራፊ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የወፍጮ ቤት ጥራጊ ሁሉ ይብላላል። ኪሎ በኪሎ ሲነጻጸር የምግብ ትርፍራፊ ከእበት ሁለትና ሦስት እጥፍ ጋዝ ይሰጣል። ጭድና የማሽላ አገዳ ግን ብቻቸውን ቀስ ብለው ስለሚብላሉና ጉድጓዱን ስለሚደፍኑ ተከትክተው በጥቂቱ ካልሆነ አይገቡም። ያም ሆነ ይህ ጭዱ የከብት መኖ ነው፤ በከብቱ ሆድ አልፎ ቢመጣ ይሻላል።

ላሊበላ የሆቴሎች ከተማ በመሆኗ ከማጀታቸው የሚወጣው ትርፍራፊ ብዙ ነው ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን እንግዳ በገና በዓል ይጎርፋል፣ በሌላው ጊዜ ይሳሳል። በ2020 እ.ኤ.አ. በወረርሽኙ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ በመድረሱ እንግዳው ጨርሶ ተቋርጦ ነበር። በሆቴል ትርፍራፊ ብቻ የተመሠረተ ጉድጓድ እንግዳው ሲቀር ይራባል። ስለዚህ መሠረቱ እበት፣ ትርፍራፊው ማጣፈጫ መሆን አለበት።

በዐረፋ ቀን ከየቤቱ የሚወጣውን የእርድ ፈርስም እናስብ። በየደጁ ተደፍቶ ይሸታል፣ ውሻ ይጎትተዋል፣ ዝንብ ያፈላል። ፈርሱ ተሰብስቦ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከእበት ጋር ቢገባ ግን ጋዝም ማዳበሪያም ይሆናል። የጀማዓው ወጣቶች ከሶላት በኋላ ጋሪ ይዘው ቢሰበስቡ ሰፈሩ ይጸዳል፣ ጎረቤትም ከሽታ ያርፋል። ጎረቤታችን ክርስቲያን ቢሆንም መብቱ አይጓደልም።

ነጃሳ አይሆንም ወይ?

ይህን ጥያቄ ብዙ እናቶች ጠይቀውናል። ፈትዋ መስጠት የእኛ ደረጃ አይደለም፤ ዑለማዎች የተናገሩትን ብቻ እናስታውሳለን። በማሊኪና በሐንበሊ መዝሃብ ሥጋው የሚበላ እንስሳ እበት ጧሂር ነው። በሻፊዒና በሐነፊ መዝሃብ ነጃሳ ነው። ያም ሆኖ እናቶቻችን በሁሉም መዝሃብ ሥር ሆነው በኩበት እሳት ሲጋግሩ ኖረዋል። ጋዙ ደግሞ ከኩበቱ ይልቅ ከምግቡ የራቀ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ተለውጦ አየር ሆኗል፤ በቧንቧ መጥቶ ይነዳል፤ ጭስም አመድም አይተውም። እበቱን የሚበጠብጠው ሰው ግን ለሶላት እጁንና ልብሱን ማጽዳት አለበት። ዝቃጩን ለመሸጥ የሚያስብ ሰው በሻፊዒዮች ዘንድ የነጃሳ ሽያጭ የተለየ ሑክም ስላለው አስቀድሞ ኢማሙን ይጠይቅ። ለማሳው ለማዋል ግን አያስቸግርም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ነሕል ንጹሑን ወተት ከፈርስና ከደም መካከል እንደሚያወጣልን ነግሮን የለምን? በከብት ሆድ ውስጥ ለሚያስተነትን ሰው ምልክት አለ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

አሁን ወደ እንግዳችን እንመለስ። በደብተራቸው ላይ ከጻፏቸው ቁጥሮች አንዱ የወለድ ሒሳብ ነበር። ፕሮግራሙ ሲጀመር ድጎማው ከወጪው ከፊሉን ሲሸፍን፣ ቀሪውን ገበሬው ከኪሱ ወይም እንደ አብቁተ ካሉ ተቋማት በብድር እንዲያሟላ ነበር የታሰበው። አብቁተ በ2022 እ.ኤ.አ. ፀደይ ባንክ ሆኗል። የተለመደው ብድር ወለድ ያለበት በመሆኑ ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ሳይሞክረው ቀርቷል። ሪባ በዲናችን ክልክል መሆኑን ማስረዳት አያሻንም። ነገር ግን «ክልክል ነው» ብለን ልጅቷን ከነጭሷ ትተናት መሄድም አይገባንም። አማራጩን ማሳየት አለብን።

ዛሬ በሩ ከቀድሞው ሰፍቷል። ብሔራዊ ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፍቱ ፈቀደ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ማቋቋም ተፈቀደ። ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመሩ። በሙራበሓ መንገድ ሲሚንቶውንና ቧንቧውን ባንኩ ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ለቤተሰቡ ሊሸጥለት ይችላል። ከባንክ የራቀ ሰው ደግሞ ዕቁብ አለው። ዘመድ ለዘመድ የሚሰጠው ቀርድ ሐሰንም አለ። ድንጋዩን፣ አሸዋውንና የቁፋሮውን ጉልበት ቤተሰቡና ጎረቤቱ በደቦ ከሸፈኑት በገንዘብ የሚገዛው ሲሚንቶው፣ ቧንቧው፣ ምድጃውና የግንበኛው ዋጋ ብቻ ይሆናል። በደንብ የተሠራና የተያዘ ጉድጓድ እስከ 20 ዓመት ያገለግላል። ለ20 ዓመት የሚሆን ነገር አንድ ዓመት በዕቁብ ቢጠበቅ ምን ይጎዳል?

ማጠቃለያ

እንግዳችን ሲመለሱ አራት ጥያቄ አቀረብንላቸው። «ከብቶቹ ሌሊቱን የት ነው የሚያድሩት?» «ሜዳ ላይ።» «ውሃው ምን ያህል ይርቃል?» «ቦኖው የሩብ ሰዓት መንገድ ነው።» «ጉድጓዱ ቢበላሽ የሚጠግን ሰው በቅርብ ያውቃሉ?» «የለም።» «ዝቃጩን ወደ ማሳ ማን ያደርሰዋል?» እዚህ ላይ ዝም አሉ። ከዚያ «ለካ ገና ነኝ» አሉና ፈገግ አሉ።

«አንቱ ገና ኖት እንጂ ሐሳቡ ገና አይደለም» አልናቸው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ አራት ከብት፣ ቅርብ ውሃ፣ ሙቀት ያለው ቦታ፣ የታጠረ በረት፣ ጠጋኝና ከወለድ የነጻ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ቢገባበት ያተርፋል፣ ኢንሻአላህ። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው አስቀድሞ ጉድለቱን ይሙላ። ሁለትና ሦስቱ የጎደለው ማገዶ ቆጣቢ ምጣድ ይግዛ፣ ከኩበቱም የሚችለውን ያህል ለኮምፖስት ያስቀር። ወጣቶች ደግሞ የግንበኝነትና የጥገና ሙያውን ቢማሩ እንጀራም ይሆናቸዋል፣ አጅርም ያገኙበታል። ጠጋኝ ማጣት ስንቱን ጉድጓድ ዋጋ እንዳሳጣው አይተናልና።

እኒያ አባት ዘንድሮ ጉድጓድ አላስቆፈሩም። በረት ሠሩ። ወለሉን በጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፉት፣ ሽንቱ የሚጠራቀምበት ቦይ አወጡለት፣ ዕቁብም ገቡ። በቅርቡ በደጃቸው ስናልፍ ልጃቸው ከበረቱ እበት በአካፋ እየዛቀች ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ትጨምር ነበር። «ዛሬ አላረፈድሽም?» አልናት። «አይ መምህር፣ እበቱ አሁን አንድ ቦታ ነው ያለው፤ ለቀማ የለም» አለችን። ደብተሯም በበረቱ ግንብ ላይ ተቀምጦ ነበር።

አላህ ሐላሉን ያብዛልን፣ ከሐራሙ ያብቃቃን። ወላሁ አዕለም።